አስቸኳይ! ፓርኩ በር ላይ ቆመናል፣ ሮለር ኮስተሮቹ በሙሉ ዝግ ናቸው

የሳሮን እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አሁን ፓርኩ በር ላይ ነን። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ትልልቆቹ ሮለር ኮስተሮች (በሐዲድ ላይ ወጣ ወረድ እያሉ የሚምዘገዘጉት የመጫወቻ ባቡሮች) በብርዱ ምክንያት ተዘግተዋል፣ መቼ እንደሚከፈቱ አላውቅም አለችን። ቲኬቱን በኦንላይን ነው የገዛነው፣ ለአምስት ሰው ከ300 ዶላር በላይ ከፍለናል። ወንዱ ልጄ ያለ ሮለር ኮስተር አልገባም ብሎ መኪና ውስጥ በሩን ቆልፎ ተቀምጧል። አማቴም አብረውን አሉ። ይከፈታል ብለን እንጠብቅ ወይስ ብራችንን አስመልሰን እንሂድ? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ቆመን ነው ያለነው።

ሚኪ ዲሲ፦
የትኛው ፓርክ ነው?

ጋሽ ታዴ፦
ልጄ፣ አትቀየሚኝና በታኅሣሥ ብርድ ሕፃናትና ሽማግሌ ይዞ ፓርክ ምን ሊሠራ ይኬዳል? እኛ ሰዎች አገር ስንቀይር ልቦናችንንም ለቀን የመጣን ይመስለኛል። በዚህ ወራት ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ሾርባውን ሠርቶ፣ ከዘመድ ጋር ይጨዋወታል። በዓል ነው እንዳትይኝ፣ የኛ ገና እንደሆነ ገና ነው። በጋ ሲመጣ ትሄዳላችሁ። መጫወቻው የትም አይሄድም።

የሳሮን እናት፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን አሁን እዚህ ነን። ምን ላድርግ?

የኮሎኝ ልጅ፦
እህቴ፣ እዚህ ጀርመን ፋንታዚያላንድ ከሆናችሁ አትጨነቂ። ዉዜ ታውን የሚባለው ክፍል ጣሪያ አለው። ዊንያስ የሚባሉት ሁለቱ ሮለር ኮስተሮች እዚያ ውስጥ ናቸው፣ ብርድ አይነካቸውም። እኛ በዊንተር ስንሄድ ቀጥ ብለን ወደዚያ ነው።

ሚኪ ዲሲ፦
ወንድሜ፣ ዶላር አለች እኮ።

የኮሎኝ ልጅ፦
ይቅርታ። ለሌላ ሰው ይጠቅማል።

ሄለን ዴንቨር፦
ጌስት ሰርቪስ (የእንግዶች አገልግሎት ቢሮ) ሂጂ። እዚያ ነው ሁሉም ነገር የሚያልቀው።

ብረት ቀጥቃጩ፦
ፓርክ ጥገና ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። የሳሮን እናት፣ ከሁሉ በፊት ይቺን ጠይቂ፦ "የተዘጋው ለዛሬ ነው ወይስ ለሲዝኑ?" ልጅቷ ለይታ አልነገረችሽም። መልሱ ደግሞ ቀናችሁን ይወስነዋል።

ለሲዝኑ ከሆነ እስከ ማታ ብትጠብቂ አይከፈትም። ዊንተር ላይ ባቡሮቹ ከሐዲድ ይወርዳሉ። ጎማና አክስሉ ይፈታል፣ ብረቱ ላይ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ በመሣሪያ ይመረመራል። የውሃ ጨዋታዎቹም ውሃቸው ተለቅቆ ደርቀዋል። የፓርኩ የስልክ አፕ ላይ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አይታዩም፣ ወይም የሚከፈቱበት ወር ይጻፍባቸዋል።

ለዛሬ ከሆነ ግን ተስፋ አለ። ብዙው ሮለር ኮስተር በራሱ ሞተር አይሄድም። በሰንሰለት ተጎትቶ ይወጣና ከዚያ በኋላ የሚሮጠው በክብደቱ ነው። ጎማው ፖሊዩሪቴን በሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተለበጠ ነው። ሲቀዘቅዝ ይደድራል። ኩሽኔታው ውስጥ ያለው ግራሶም ይወፍራል። ስለዚህ ባቡሩ ከወትሮው ቀስ ይላል። የሚቀጥለውን ጉብታ መውጣት አቅቶት ወደ ኋላ ቢመለስና ሁለት ጉብታ መሃል ቢቆምስ? ሰዎቹን በረዶ በያዘ ደረጃ አንድ በአንድ እየደገፉ ማውረድ ነው። ያንን ሥራ ያየ ሰው ለምን ተዘጋ ብሎ አይከራከርም። ፍሬኑ በአየር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ቱቦው ውስጥ በረዶ ይሠራል።

በዚህ ምክንያት ከዚህ ዲግሪ በታች አይነዳም የሚል ቁጥር አለ። የአንዱ ሮለር ኮስተር ከሌላው ይለያል። በር ላይ ያለችውን ልጅ ብትለምኛትም ብትቆጫትም የሷ ሥልጣን አይደለም። አሁን ሙቀቱ ስንት ነው? ከሰዓትስ ስንት ይላል?

የሳሮን እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን 29 ይላል። በ2 ሰዓት 43 ይገባል ይላል። ንፋስም አለ።

ድሬ ከዚራ፦
29 ዲግሪ ብርድ?? እኛ ጋ በ29 ጋቢ ፍለጋ አንሄድም። ነይ ድሬዳዋ!

ሚኪ ዲሲ፦
ፋራናይት ነው ወንድሜ። ከዜሮ በታች 2 ገደማ ማለት ነው።

ድሬ ከዚራ፦
ኧረ እግዜር ያውጣሽ እህቴ። 2 ሰዓት የተባለውስ የጠዋት ነው የማታ?

ሚኪ ዲሲ፦
በሀበሻ 8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ። አንተ ልጅ ቁጥር አይሆንህም።

ጥርጣሬው፦
ሁላችሁም ተታላችኋል። ብርድ ሰበብ ነው። በዊንተር ሰው ስለማይመጣ ሠራተኛ ላለመቅጠር ነው የሚዘጉት። ቲኬቱን ግን በሙሉ ዋጋ ይሸጣሉ። ብርድ ነው ካሉ ቲኬቱን ሲሸጡ ለምን አልተናገሩም?

ብረት ቀጥቃጩ፦
ግማሹ እውነት ነው። በዊንተር የሰው ኃይል ይቀንሳል፣ ለሲዝኑ የሚዘጋውም በከፊል ለዚያ ነው። ለዛሬ ብሎ የተዘጋው ግን የሙቀት መለኪያ ጉዳይ ነው። ሠራተኛው ደመወዝ እየበላ እዚያው ቆሟል፣ ምን ይጠቅማቸዋል?

ጥርጣሬው፦
አንተ የነሱ ሰው ነህ።

ዮዲ፦
ጌስት ሰርቪስ ሂጂ እህቴ።

ሚኪ ዲሲ፦
ዮዲዬ፣ ከላይ ተብሏል።

ሄለን ዴንቨር፦
እኔ ነኝ ያልኩት። ግን ሳልጨርስ ነው የላክሁት። የሳሮን እናት፣ ቲኬቱ ስካን ተደርጓል? ካልተደረገ እንዳትገቡ! መጀመሪያ ጠይቂ። አብዛኛው ፓርክ በአየር ጠባይ ምክንያት ብር አይመልስም፣ ቲኬቱ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። "ብሬን መልሱ" ብለሽ ከጀመርሽ በዚያው አይሆንም ተብሎ ያልቃል። "ልጆቹ የመጡበት ነገር ዝግ ነው፣ ቀኑን ልትቀይሩልኝ ትችላላችሁ?" በይ። ያልተነካ ቲኬት ቀን መቀየር ይቀላቸዋል። ለበጋ ቢሰጡሽ ደግሞ ጋሽ ታዴም ደስ ይላቸዋል።

ጋሽ ታዴ፦
በጣም እንጂ።

የሳሮን እናት፦
ወይኔ፣ ባሌ ትንሿን ይዞ ቀድሞ ገብቷል። የሁለቱ ስካን ተደርጓል። የኔ፣ የልጁና የአማቴ አልተነካም።

ሄለን ዴንቨር፦
በጣም ጥሩ። የሦስቱን ይዘሽ ሂጂ። የሁለቱንም አብረሽ አንሺ፣ ገና መግባታቸው ነው በያቸው። ብቻ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ሲጮህባቸው ነው የሚውለው። ፈገግ ብሎ የመጣውን ያስታውሱታል።

ቲቲ ኦርላንዶ፦
አይዞሽ የኔ እህት፣ እኛ ፍሎሪዳ ሆነን እንኳ አናመልጥም። ዲዝኒ ብሊዛርድ ቢች የሚባል የውሃ ፓርክ አለው፣ 1995 ነው የተከፈተው። አሠራሩ በረዶ የቀለጠበት የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ እንዲመስል ነው። ታዲያ ብርድ ሲሆን ይዘጋል! በረዶ የተቀባበት ፓርክ ብርድ ፈርቶ ሲዘጋ አስቢው 😂

ሐያት ዱባይ፦
እናንተዬ፣ አቡ ዳቢ ኑ። ዋርነር ብሮስ ወርልድ እንዳለ ጣሪያ ስር ነው፣ በኤሲ። ፌራሪ ወርልድም አብዛኛው እንደዚያው ነው። ውጪ የሚሮጥ አንድ ሮለር ኮስተር አለ፣ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር። አሸዋው ዓይን እንዳይገባ መነጽር ያስሩልሻል።

ድሬ ከዚራ፦
ሐያት፣ ቪዛውን ላኪልንና እንመጣለን።

የሳሮን እናት፦
እየቀለዳችሁ ነው፣ አማቴ እየተንቀጠቀጡ ነው። ከአዲስ አበባ ገና መምጣታቸው ነው። ቦቲ ገዝተንላቸው ነበር፣ እግሬን ያሳብጠኛል ብለው ክፍት ጫማ አድርገው ወጡ። ካልሲያቸው ረጥቧል።

ሲስተር ብሌን፦
ነርስ ነኝ። ሌላውን ሁሉ ተዪና እማማን አሁኑኑ ሙቀት ያለበት አስገቢያቸው። ፓርኩ ካልሆነ መኪና ውስጥ፣ ሞተር አስነስተሽ። ቢያንቀላፉ፣ ንግግራቸው ቢጎተት፣ ወይም መንቀጥቀጡ እሳቸው ሳይሞቃቸው ቢቆም ወዲያውኑ የፓርኩን የመጀመሪያ ርዳታ ጥሪ፣ ወይም 911 ደውዪ። እርጥቡን ካልሲ አውልቂ፣ እግራቸውን በደንብ አድርቂ፣ ደረቅ ካልሲ አልብሺ። የጥጥ ካልሲ ከረጠበ ሙቀት አይዝም። የመታሰቢያ ዕቃ ሱቁ ውስጥ ወፍራም ካልሲ አይጠፋም፣ ውድ ነው ግን ግዢ። ሃንድ ዋርመር (የእጅ ማሞቂያ) ካገኘሽ ኪስ ውስጥ ወይም ከልብስ በላይ ይሁን፣ ቆዳቸው ላይ በቀጥታ አታድርጊ። ስኳር ካለባቸው እግራቸው ሲቃጠል ላይሰማቸው ይችላል። እግራቸውንም አትሺ።

የሳሮን እናት፦
ስኳር አለባቸው። ጥሩ ነገርሽኝ። አሁን መኪና ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፣ ካልሲ ቀይሬላቸዋለሁ። ሻይ ያለ ስኳር ይሻላል?

ሲስተር ብሌን፦
ያለ ስኳር ትኩስ ሻይ፣ በጣም ሳያቃጥል። መድኃኒት ወስደው ቁርስ ካልበሉ ግን የሚበላ ነገርም ስጫቸው።

ዮዲ፦
ሆት ቸኮሌትስ? ፓርኩ ውስጥ በየቦታው አለ።

ጋሽ ታዴ፦
ጾም ነው እኮ ልጄ። ወተት አለበት።

ሚኪ ዲሲ፦
እኔ ከዚሁ ከዲሲ አካባቢ ነሽ ብዬ ልገምት። ሃርሺፓርክ ከሆነ ላፍ ትራክ የሚባለው ሮለር ኮስተር ቤት ውስጥ ነው፣ ጨለማ ውስጥ እየተሽከረከረ ይሄዳል። ልጅሽን በሱ አባብዪው። እማማን ደግሞ ከፓርኩ አጠገብ ቸኮሌት ወርልድ ውሰጃቸው። መግቢያው ነፃ ነው፣ ተቀምጠው የሚዞሩበት ጉብኝትም አለ፣ ሞቃት ነው። ቡሽ ጋርደንስ ዊሊያምስበርግ ከሆነ ዳርኮስተርን ፈልጊ፣ 2023 ነው የተከፈተው፣ እሱም ጣሪያ ስር ነው። በሁለቱም ቦታ ቁመት ይለካሉ፣ ትንሿን ሳትለኪ ወረፋ አትያዢ።

ብረት ቀጥቃጩ፦
ወደ ሮለር ኮስተሩ ልመለስ። 43 ፋራናይት 6 ዲግሪ ገደማ ነው። እንደ ትንበያው ከሆነ ከሰዓት አንዳንዶቹ የመከፈት ዕድል አላቸው። ቁጥሩ ስለሞላ ብቻ ወዲያው ሰው አይጭኑም። ባዶ ባቡር ደጋግመው ይልካሉ፣ የሚፈጅበትን ጊዜ ይለካሉ። ባዶ ባቡር ሲዞር ካየሽ ልጅሽን ወደዚያ ይዘሽ ሂጂ፣ አፑን አትጠብቂ። አፑ ሲቀየር ሕዝቡ ሁሉ ይግተለተላል።

ንፋሱ ሌላ ነገር ነው። ረጃጅሞቹን ብርዱ ቢለቃቸው ንፋሱ ሊይዛቸው ይችላል። ሰንደቅ ዓላማው ቀጥ ብሎ እየተውለበለበ ከሆነ ረጅሙን ከወዲሁ እርሽው፣ ዝቅ ያሉት ላይ አተኩሪ።

በታኅሣሥ ዲሲ አካባቢ ፀሐይ 5 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ በፈረንጁ ነው የምለው። ከዚያ ሙቀቱ ተመልሶ ይወርዳል፣ የተከፈተውም ይዘጋል። ስለዚህ የተከፈተውን ከ1 እስከ 4 ሰዓት ጨርሱ። ጠዋቱን ቤት ውስጥ ያሉትን ጨዋታዎችና ትርዒቱን እዩ። የገና መብራቱ ማታ ይደርሳል። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያደርገዋል፣ በቀን ምሳና ሱቅ ሲል ይውልና ሲመሽ ለሮለር ኮስተር ይሰለፋል።

ጥርጣሬው፦
ቢከፈት እኔ እዚህ ስሜን እቀይራለሁ።

የሳሮን እናት፦
ጌስት ሰርቪስ ወረፋ ላይ ነኝ። ከፊቴ ብዙ ሰው አለ። ልጁን ስለ ባዶ ባቡሩ ስነግረው ከመኪና ወረደ፣ አሁን አጥሩ ላይ ተለጥፎ እያየ ነው። አማቴ መኪና ውስጥ ናቸው፣ ሞቋቸዋል። ስልኬ 11 ፐርሰንት ነው፣ ጠዋት ሙሉ ነበር!

ሚኪ ዲሲ፦
ብርድ ባትሪ ይበላል። ጃኬትሽ ውስጥ ከሰውነትሽ አስጠጊው። አሁን አትጻፊልን፣ ቲኬቱ ስልኩ ላይ ነው ያለው! ቲኬቱን ለባልሽ ላኪለት።

ሄለን ዴንቨር፦
እሺ፣ ምን እንዳሉሽ ማታ ንገሪን።

ዮዲ፦
የሳሮን እናት? ምን ሆነ? ለወጡልሽ?

ድሬ ከዚራ፦
ባዶውን ባቡር ተሳፍራ ሄደች።

ጥርጣሬው፦
አልተከፈተም። ብያችሁ ነበር።

ሚኪ ዲሲ፦
ከምን አወቅህ?

እሙ ቶሮንቶ፦
ጥያቄዋን ጠለፍኩ እንዳይሆንብኝ። እኛ በጥር ዲዝኒ ወርልድ ልንሄድ ነው። ከቶሮንቶ ለሚመጣ ሰው የፍሎሪዳ ብርድ ያስጨንቃል? ዋና ልብስ ልያዝ ወይስ ጃኬት?

ቲቲ ኦርላንዶ፦
ሁለቱንም ያዢ። በጥር ቀን ቀን 22 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የሌሊቱ ግን 10 ይወርዳል። የብርድ ማዕበል ከገባ ከዚያም ይብሳል። የውሃ ፓርኩን ቀን አስቀድመሽ አትቁረጪ፣ የሳምንቱን ትንበያ አይተሽ ወስኚ። ከዲዝኒ ሁለት የውሃ ፓርኮች ብዙውን ጊዜ በዊንተር አንዱ ለጥገና ይዘጋል፣ የትኛው ክፍት እንደሆነ ሳታዪ ለልጆቹ ስም እንዳትጠሪላቸው። ጥርና የካቲት የትልልቆቹ ፓርኮች ጨዋታዎችም የጥገና ወራት ነው። ዲዝኒ የሚዘጉትን ቀድሞ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል፣ ሆቴል ከመያዝሽ በፊት እዪው። ልጆችሽ ዕድሜያቸው ስንት ነው?

እሙ ቶሮንቶ፦
9 እና 4።

ቲቲ ኦርላንዶ፦
እንግዲያው ራይደር ስዊች የሚባለውን ጠይቂ። አንዳችሁ ከትንሹ ጋር ትቀራላችሁ፣ ስትቀያየሩ ሁለተኛው ሰው ወረፋውን እንደገና አይጀምርም። ትልቁ ከሁለታችሁም ጋር ይሳፈራል። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ሮለር ኮስተር ቤት ውስጥ ነው፣ ቢዘንብም ቢበርድም ይሄዳል። ለመሳፈር የሚጠየቀው ቁመት ቢያንስ 44 ኢንች፣ 112 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የ9 ዓመቱን ጫማ አውልቀሽ ለኪው።