የሐዋሳን ፔሊካን በቅርበት ለማንሳት ምን ላስተካክል?

ጠያቂ፦ አዲስ ሌንስ
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ሐዋሳ ስለምሄድ ፔሊካንና አባ ኮዳ (ራሰ በራውን ትልቅ ወፍ) በቅርበት ማንሳት እፈልጋለሁ። ካሜራዬ ካኖን ነው፤ ሌንሱ ከ55 እስከ 250 ሚሊ ሜትር። ዝዋይ ላይ ያነሳኋቸው ግን ልቤን አላሳረፉትም፤ የፔሊካኑ ነጭ ላባ እንደ ወረቀት ነጥቶ ዝርዝሩ ጠፍቷል፣ ሲበር ያነሳሁት ደግሞ ብዥ ብሏል። ሁሉንም ያነሳሁት በአውቶ፣ በጄፔግ ነው። ኤዲት የማደርገው በስልክ ሲሆን ብዙ የተነካካ ፎቶ አልወድም። እስቲ ምከሩኝ እህታችሁን።

የሐይቅ ዳር
እህቴ፣ ሌላ ቦታ አትፈልጊ፤ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂጂ። ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣውን ሲያጸዱ የሚጥሉትን ለመሻማት አባ ኮዳውም ፔሊካኑም እግራቸው ሥር ይሰበሰባል። ሰው ስለለመዱ 250 ይበቃሻል። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ እዚያ ሁኚ። ከተማው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ወደ ውሃው ስትዞሪ ፀሐይ ከጀርባሽ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፊት ለፊትሽ ትመጣለች። ዓሣ ገዝተሽ ብትወረውሪላቸው ደግሞ የበለጠ ይቀርቡሻል።

ሹተር
ነጩ ላባ የጠፋው ካሜራው ጠቆር ያለውን ውሃ አይቶ ብርሃን ስለሚጨምር ነው። ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) ወደ −1 አውርጂና ሂስቶግራሙን (ጨለማውን በግራ፣ ብርሃኑን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ) እዪ፤ የቀኝ ጠርዙን ተደግፎ ከቆመ ገና አውርጂ። አውቶውን ተዪው። የሹተሩን ፍጥነት ራስሽ የምትመርጪበት ቲቪ (Tv) ላይ አድርጊና አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ትብነት) ለካሜራው ልቀቂለት፤ ለቆመ ወፍ 1/500 ሰከንድ፣ ለሚበር 1/2000። ፎከሱ ኤአይ ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያጠራው) ይሁን፣ ነጥቡን ዓይኑ ላይ አሳርፊ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ የውሃ ወፍ የሚነሳውም የሚያርፈውም ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው። ነፋሱ ከጀርባሽ እንዲመጣ ሆነሽ ከቆምሽ ወፉ ወደ አንቺ ይመጣል። ነፋሱ ከፊትሽ ከሆነ የምታነሺው ጭራውን ነው።

ጋሽ ደንገል
ልጄ፣ ዓሣ መወርወሩን ተዪው። እዚያ የሚጣለው ራሱ ይበቃቸዋል፤ ወፍ ሲሻማና ሲጋፋ ደግሞ ደህና ፎቶ አይወጣም። ይልቅ ዝቅ በዪ። ተንበርክከሽ ካሜራውን ወደ ውሃው ከፍታ ካወረድሽው ከወፉ ዓይን ጋር ትተያያለሽ፣ ከኋላው ያለውም ይርቅና ይለሰልሳል። እኔ ለዚህ ስል ጉልበቴ ቢያመኝም እንበረከካለሁ።

ደንገሉ ዳር ግን ብቻሽን እንዳትቀመጪ። ሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ አለበት። በጀልባ ከወጣሽ ባለ ጀልባውን ሞተሩን ቀደም ብሎ እንዲያጠፋ ለምኚው፤ ወፉ አንገቱን አቅንቶ ካፈጠጠባችሁ እዚያው ቁሙ። ጎጆ ካያችሁ ተመለሱ።

ቀለም
ስለ ኤዲቱ፦ ከአሁን ወዲያ በጄፔግ ሳይሆን በራው (ካሜራው ያየውን ሁሉ በሚይዘው ጥሬ ፋይል) አንሺ። የስልኩ ላይትሩም የሚባለው የኤዲት መተግበሪያ ይከፍተዋል። መጀመሪያ የውሃውን መስመር አቃኚ፣ ከዚያ ክሮፕ (ዳር ዳሩን መቁረጥ)፤ ከመንቁሩ ፊት ቦታ ተዪለት። ሃይላይቱን (ብሩሁን ቦታ) ቀንሺ፣ ሻዶውን (ጥላውን) በትንሹ ከፍ አድርጊ። ሹልነት የምትጨምሪ ከሆነ ወፉ ላይ ብቻ፣ ውሃው ላይ ሲሆን ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይላል። ነጩን ለማንጣት አትታገዪ፤ በመራቢያ ጊዜው ነጭ ፔሊካን ሮዝ ቀለም ይነካዋል፣ ደረቱም ወደ ቢጫ ያደላል። ያንን ካጠፋሽው ወፉ ሌላ ሆነ።

አዲስ ሌንስ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ በተለይ ስለ ጉማሬው። የዝዋዮቹን ጄፔጎች ማዳን ይቻላል?

ቀለም
ሃይላይቱን ቀንሰሽ ሞክሪ። የላባው መስመር ብቅ ካለ ተርፏል። ዝም ብሎ ግራጫ ከሆነ ግን መረጃው ፋይሉ ውስጥ የለም፤ እሱን ተዪው። ብዥ ያለውንም እንዲሁ፣ ሹልነት አያድነውም።