አስቸኳይ፦ የላብራቶሪው የሰውነት ሞዴል ወድቆ ሆድ ዕቃው ተበታተነ፤ ነገ ጠዋት ክፍል አለኝ

ፊዚክስ ነኝ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሞዴሉ ከመደርደሪያ ላይ ወደቀ። ሆድ ዕቃው በሙሉ ወለል ላይ ነው። የጨጓራው መሰኪያ ተሰብሯል። ነገ 2 ሰዓት ላይ የ8ኛ ክፍል ልጆች የምግብ መፍጨት ሥርዓትን የሚማሩት በእሱ ነው። የባዮሎጂዋ መምህርት የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለሆነች እኔ ነኝ የተመደብኩት። መጽሐፉ ላይ ጉበት በግራ ነው፤ በሞዴሉ ግራ እጅ በኩል ላስገባው ብል እምቢ አለኝ። ፋብሪካው ገልብጦ ነው እንዴ የሠራው? እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

የሸገር ልጅ፦
ፎቶ ላክ። ጭንቅላት ያለው ነው የሌለው? ስንት ቁራጭ ነው? ሳናይ ምን እንበልህ?

ሳቂታው፦
ሆድ ዕቃው ወጥቶ ዝም የሚል በሽተኛ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው። ሃሃሃ አይዞህ መምህር።

ኤርሚ፦
ሱፐር ግሉ። አለቀ።

የሉካንዳው ልጅ፦
ወንድሜ እኔ ሥጋ ቤት ነው ያደግኩት። ነገ በጠዋት በግ ሲበለት ሄደህ እየው። ጨጓራ፣ ጉበት፣ ጣፊያ፣ አንጀት፣ ሁሉም ያው ነው። የተረፈውን ዱለት ታደርገዋለህ።

ሲስተር ማ፦
የሉካንዳው ወንድሜ፣ ዱለቱን ተወውና በግና በሬ የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው። ሆዳቸው አራት ክፍል አለው፤ ሽንፍላ ከአራቱ አንዱ ነው። የሰው ጨጓራ አንድ ክፍል ነው። ልጆቹን እንዳታሳስቱብኝ።

መምህር፣ ፋብሪካው አልገለበጠም። የመጽሐፉ ሥዕል ፊቱን ወደ አንተ ያዞረ ሰው ነው። ሥዕሉ ላይ በአንተ ግራ ያለው የእሱ ቀኝ ነው። ጉበት በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ነው የሚተኛው። ሐሞት ከረጢቷ ከጉበቱ ሥር ተለጥፋ ትገኛለች። ጨጓራው በአብዛኛው ወደ ግራ ነው፤ ጣፊያ ደግሞ ከጨጓራው ኋላ በግራ ጥግ። ጉበቱን በግድ አትግፋው፣ ይሰበርብሃል።

ጋሽ ታ፦
ልጆቼ፣ ጨጓራ ከተነሳ አንድ ነገር ልናገር። በአገራችን ጨጓራ የታመመ ሁሉ በርበሬንና ጭንቀትን ነው የሚከሰው። ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ አብዛኛው የጨጓራ ቁስለት ኤች ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ እንደሚመጣ አሳዩ። መጀመሪያ የሰማቸው ጥቂት ነው። ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ሌላው መንስኤ እንደ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ማዘውተር ነው። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ወተት እየጠጣችሁ አትቀመጡ፣ ተመርመሩ።

የሸገር ልጅ፦
ጋሽ ታ እውነት ነው፣ ግን ሰውየው የፕላስቲክ ጨጓራ ነው የያዘው።

ጋሽ ታ፦
ልጆቹ ግን የሥጋ ጨጓራ አላቸው። ይንገራቸው።

ፊዚክስ ነኝ፦
ፎቶ ኔትወርኩ አላስኬድ አለኝ። ጭንቅላት የለውም። ልብና ሳንባው ቦታቸው ላይ ናቸው። ቢጫ ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ቁራጭ እጄ ላይ ቀርቷል፤ ጫፉ ላይ ግማሽ ክብ የሠራ ቱቦ አለው። የምኑ ነው? ቅድሚያ የሚገባውስ የቱ ነው?

ኤርሚ፦
ሱፐር ግሉ አልኩህ እኮ።

የላብ ቴክኒሻን፦
ቢጫው ቆሽት ነው። ግማሽ ክቡ ዱዮዲነም፣ ማለት የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ነው፤ በሰው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከጉበት የሚመጣው ሐሞትና ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽ የሚፈሱት እዚያ ውስጥ ነው። ይህን ለልጆቹ በጣትህ እየነካህ አሳያቸው፤ ብዙ ተማሪ ምግብ በጉበት ውስጥ የሚያልፍ ይመስለዋል። አያልፍም።

አገባቡ ከኋላ ወደ ፊት ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ስለሆነ ይቅደም። ከዚያ ጨጓራው። ጉበቱ ከጨጓራው በኋላ ይግባ፣ ምክንያቱም የጉበቱ ግራ ጫፍ በጨጓራው ላይ ይደርባል። የአንጀቱ ቁራጭ የታች ነው፤ ቀዳዳውንና መሰኪያውን ተከትለህ አስገባው። በትክክል ከገባ ትልቁ አንጀት በቀኝ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጨጓራ ሥር ይሻገራል፣ በግራ ይወርዳል።

ለተሰበረው መሰኪያ ሱፐር ግሉ ብቻውን አይበቃም። ልጆች ሲያወጡና ሲያስገቡ ወዲያው ይላቀቃል። ሁለቱም ስብራት ላይ በትንሽ መሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጣ። ስቴኪኒ ቁረጥና ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ቀዳዳ አስገባ። ከዚያ ሙጫ። እስከ ጠዋት ሳትነካው ይደር።

የሸገር ልጅ፦
መሰርሰሪያ ከሌለው ምስማር አግሎ ይብሳው።

የላብ ቴክኒሻን፦
አይሆንም! ብዙዎቹ ሞዴሎች ፒቪሲ ናቸው። ፒቪሲ ሲቃጠል ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። መሰርሰሪያ ከሌለህ የመርፌ ወይም የኮምፓስ ጫፍ በእጅህ እያሽከረከርክ ቆፍር። ይዘገያል እንጂ ይሠራል።

እትዬ መምህርት፦
መምህር፣ እኔ ደግሞ ጥያቄህ ራሱ ላይ ነው ክርክሬ። ለምን በሞዴሉ ላይ ብቻ ትንጠለጠላለህ? ሞዴሉ አንጀቱን ጠቅልሎ ስለሚያሳይ ልጆች ርዝመቱን በፍጹም አይገነዘቡትም። 6 ሜትር ገመድ ቁረጥና ይህ ትንሹ አንጀት ነው በል። በሌላ ቀለም 1.5 ሜትር ጨምርበት፣ ያ ትልቁ ነው። ትልቁ የተባለው በውፍረቱ ነው። ገመዱን ከጥቁር ሰሌዳው እስከ ኋላ ወንበር ዘርጋውና እንዲይዙት አድርግ።

አንድ ቁራሽ ዳቦም ስጣቸው። ሳይውጡ ብዙ ያኝኩት። እየጣፈጠ ይመጣል፤ ምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ጀምሯል ማለት ነው። መፍጨት ከአፍ እንደሚጀምር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። አንተ ደግሞ የፊዚክስ ሰው ነህ፤ ምግብ ወደ ጨጓራ የሚወርደው በስበት ብቻ ነው ወይ ብለህ ጠይቃቸው። አይደለም። የጉሮሮው ቧንቧ ጡንቻ እየተኮማተረ ይገፋዋል፣ ተዘቅዝቆ የዋጠ ሰውም ይወርድለታል። ክፍል ውስጥ ግን አታስሞክራቸው፣ ትን ይላቸዋል።

ሳቂታው፦
እትዬ፣ ያኔ እርስዎ ቢያስተምሩኝ ኖሮ ባዮሎጂ አልወድቅም ነበር።

ሲስተር ማ፦
የእትዬ ገመድ ግሩም ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ 6 ሜትሩ የሚለካው አስከሬን ላይ ነው። በሕይወት ባለ ሰው ጡንቻው ስለሚኮማተር ያንሳል። ጎበዝ ተማሪ ከጠየቀህ ይዘህ ግባ።

ኤርሚ፦
ስቴኪኒውም ቢሆን በሱፐር ግሉ ነው የሚጣበቀው። አላልኳችሁም?

የሸገር ልጅ፦
መምህር፣ ጨጓራው ያዘ?

ላሊበላ 7፦
ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ገባሁ። እኛም ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ሞዴል አለ፤ ትርፍ አንጀቱ ተሰብሮ ጠፍቷል። ከምን ልሥራው?

የላብ ቴክኒሻን፦
ከፕላስቲሲን። እንደ ትል አቅጥነህ ጠቅልለው። በአዋቂ ሰው 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሞዴሉ ካነሰ አንተም አሳንሰው። ትልቁ አንጀት የሚጀምርበት ላይ፣ ከሆድ በስተቀኝ ታች ለጥፈው። በቀኝ፣ በሞዴሉ ቀኝ።