በቃል የተቀጠረ ሠራተኛና የአሠሪው ኃላፊነት

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ አምስት ሠራተኞች የነበሩበት አነስተኛ ዳቦ ቤት አለኝ፤ ሁሉንም የቀጠርኳቸው በቃል ነው። ባለፈው ወር አንዱን ጋጋሪ በተደጋጋሚ በማርፈዱ ባሰናብተው ፍርድ ቤት ከሰሰኝ፤ በእጄ ግን አንድም የተፈረመ ወረቀት የለም። ለቀሩት አራቱ ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ የቃል ውልም ቢሆን ይጸናል። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውንና ደመወዙን የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያስገድዳል። ጊዜው ቢያልፍም ዛሬውኑ በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው ያስፈርሙ። ወደፊት አዲስ ሰው ሲቀጥሩ የሙከራ ጊዜውን በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም።

መልስ 2፦ እኔን ያሳሰበኝ የስንብቱ ጉዳይ ነው። በማርፈድ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም ስንብቱን አስቀድሞ ሳያሳውቁ፣ ለማሰናበት ሠራተኛው ስለ ማርፈዱ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወራት ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ አለበት፤ በምድጃው ፊት የተነገረ ተግሣጽ ማስረጃ አይሆንም። ቀሪ ደመወዙን ካልከፈሉት ሳይዘገዩ ይክፈሉት፤ ሕጉ የሚሰጠው 7 የሥራ ቀናት ብቻ ነው።

መልስ 3፦ በስፌት ቤቴ ሠራተኞቼ የገቡበትን ሰዓትና የተቀበሉትን ደመወዝ በአንድ መዝገብ ላይ ራሳቸው ይፈርማሉ። አንድ ጊዜ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ክርክር ተነሥቶብኝ ያዳነኝ ያ መዝገብ ነው።