ጥቆማ፦ ኮንሰንትሬት ኩላንት ይሻላል ወይስ የተበጠበጠው?

የትኛውን ኩላንት (ሞተር የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ) ልግዛ ለምትሉ መልሴ አጭር ነው። ትንሽ ጎድሎ ለመሙላት ከሆነ በውሃ ተበጥብጦ የሚሸጠውን ግዙ። ሲስተሙን በውሃ አጥባችሁ አዲስ የምትሞሉ ከሆነ ግን ኮንሰንትሬቱን፣ ማለትም ውሃ ያልገባበትን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሸውጃለሁ።

መኪናዬ በጠቅላላ 6 ሊትር ትይዛለች። የራዲያተሩን ማፍሰሻ ስከፍተው የሚወጣው ግን 4 ሊትር ገደማ ነው። የቀረው ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። አጥቤ ስጨርስ እዚያ የቀረው 2 ሊትር ንጹህ ውሃ ነበር። እኔ ሆዬ፣ የተበጠበጠውን 4 ሊትር ገልብጬበት እጄን ታጠብኩ። ግማሹ ውሃ ስለሆነ የገባው ኩላንት 2 ሊትር ብቻ ነው። ከ6 ሊትር 2፣ ማለትም 33 በመቶ። 50 በ50 ነው እያልኩ ስነዳ ከረምኩ! ማስገባት የነበረብኝ 3 ሊትር ኮንሰንትሬት፣ ከዚያ 1 ሊትር ውሃ ነበር። እናንተም የመኪናውን መመሪያ ከፍታችሁ ጠቅላላ መጠኑን እዩ። የዚያን ግማሽ ኮንሰንትሬት አስገቡ፣ የጎደለውን በውሃ ሙሉት።

ካልተበጠበጠ ይበልጥ ይጠነክራል ብላችሁ ደግሞ ኮንሰንትሬቱን ብቻውን እንዳትሞሉት። የኩላንቱ ዋና ፈሳሽ ኤቲሊን ግላይኮል ብቻውን ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ከውሃ ጋር እኩል ሲሆን ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ድረስ ይቋቋማል። ሙቀት ተሸክሞ በማውጣትም ውሃ ይበልጠዋል።

ውሃው የተጣራ ይሁን። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። የባትሪ ውሃ የሚባለው የተጣራ ውሃ ከሆነ ይሆናል፤ አሲድ እንዳይሆን ግን ጠርሙሱን አንብቡ። መንገድ ላይ ሌላ ከጠፋ የቧንቧ ውሃም ያደርሳችኋል፣ በኋላ መለወጥ ነው።

ቀለም አይታችሁ አትግዙ። ሰማያዊ የሆንዳም አለ፣ የሱባሩም አለ። ጂ48 የሚባለው የኩላንት ዓይነትም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። የፎልክስዋገን ጂ13 ወይን ጠጅ፣ የቶዮታው ሱፐር ሎንግ ላይፍ ሮዝ። ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው፤ ዝገት የሚከላከለው ቅመም ነው የሚለያየው። የማይስማሙ ዓይነቶች ሲደባለቁ ቅመሙ ይዳከማል፣ አንዳንዴም ዝቃጭ ይፈጥራል። እኔ ጠርሙሱ ላይ የምፈልገው የመኪናው መመሪያ የጻፈውን ደረጃ ነው። "ለሁሉም መኪና" የሚለውን ለችግር ቀን ካልሆነ አልገዛውም።

ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር የፍሳሽ መድፈኛ? ለእኔ አይመቸኝም። ቀዳዳውን ሲደፍን የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ ቀጭን ቱቦም ሊደፍን ይችላል።

ራሴ ልሙላ ወይስ ጋራዥ ልውሰድ ለሚለው፦ መጨመር ብቻ ከሆነ ራሳችሁ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን እንዳትነኩት፤ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። ሙሉ ለውጥ ከሆነ ችግሩ አየር ነው። የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርጋችሁ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ኩላንቱን ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) እስኪከፈት ሞተሩን አስነሱት። የራዲያተሩ የላይኛው የጎማ ቱቦ ሲሞቅ ተከፍቷል ማለት ነው። ሞተሩ ግሎ ማሞቂያው ቀዝቃዛ የሚነፋ ከሆነ አየር አለ። አየሩ አልወጣ ብሎ ለሚያስቸግር መኪና በቫኪዩም የሚሞላ ጋራዥ ፈልጉ። ከመስጠታችሁ በፊት "የትኛውን ደረጃ ነው የምትጨምሩት?" ብላችሁ ጠይቁ። "ቀዩን" ካሏችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አንድ ዕቃ ግዙ ብትሉኝ ሪፍራክቶሜትር እላለሁ። አንድ ጠብታ አድርጋችሁ በብርሃን ስታዩ ኩላንቱ ከውሃው ጋር ያለውን መጠን ይነግራችኋል። ትንንሽ ኳስ ከሚንሳፈፍበት መለኪያ የበለጠ አምነዋለሁ። የእኔን 33 በመቶ ያጋለጠውም እሱ ነው።

የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉ፤ ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ልጅና ውሻ ይቀምሰዋል። በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ኩላንቱ የት ድረስ እንደሞላ እዩ። አየር ወጥቶ ትንሽ ቢወርድ ሙሉት። በየሳምንቱ የሚወርድ ከሆነ ግን የኩላንት ምርጫ ጥያቄ አይደለም፤ ፍሳሽ አለ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል።