ሊዮን፦ የትራቡል በሮች እንዴት ነው የሚከፈቱት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከፓሪስ በባቡር ሊዮን ገብተን ማታ ተመላሽ ነን። አሮጌውን ከተማና ትራቡል የሚሏቸውን የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያዎች ማየት እንፈልጋለን፤ ግን በሮቹ ዝግ ናቸው ይባላል። እንዴት ነው የሚገባው? እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት አቀበት የሌለበት መንገድ ካለም ንገሩን።

መልስ፦
ዝግ የሚመስለው በር ብዙ ጊዜ አልተቆለፈም፤ ከባድ ስለሆነ ነው። ገፋ አድርጉት። እምቢ ካለ መጥሪያው አጠገብ «ሰርቪስ» የሚል ቁልፍ ካለ ተጫኑት። ለፖስተኛ የተሠራ ስለሆነ የሚያገለግለው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት የሄደ ሰው በር ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ትራቡሉን አስቀድሙ፣ ፉርቪየር የሚባለውን ኮረብታ ለከሰዓት አቆዩት።

ከፓር ዲዩ ጣቢያ የሜትሮውን ቤ (B) መስመር ያዙ፣ ሳክስ ጋምቤታ ላይ ወደ ዴ (D) ቀይሩ፣ ቪዩ ሊዮን ውረዱ። ሩ ሴን ዣን («ሩ» መንገድ ማለት ነው) ቁጥር 54 ገብታችሁ ሩ ዱ በፍ ቁጥር 27 ትወጣላችሁ፤ የአሮጌው ከተማ ረጅሙ ትራቡል እሱ ነው። እዚያው ሩ ዱ በፍ ቁጥር 16 ግቢ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለው የደረጃ ግንብ አለ። ሰው የሚኖርበት ቤት ነውና ድምፃችሁን ቀንሱ፤ ደረጃ አትውጡ።

መልስ፦
ስትገቡ ምን እንደምታዩ ልጨምር። መንገዶቹ የሶን ወንዝን ተከትለው የተዘረጉ ናቸው፣ አቋራጭ ግን ጥቂት ነው። የየቤቱ ቦታ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ከፊት ቤት፣ መሃል ግቢ፣ ከኋላ ሌላ ቤት ሠሩ፤ ሁለቱን በሰገነትና በጠመዝማዛ ደረጃ አገናኟቸው። ለእኔ የሊዮን ውበት ግቢው ውስጥ ነው፤ መንገድ ላይ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ሰው ግማሹን አላየም።

ጊዜ ካጠረ ሩ ዥዊቭሪ ቁጥር 8ን እንዳትዘሉ። አርክቴክቱ ፊሊቤር ደሎርም በ1536 የሠራው ሰገነት ነው። ግቢውን ላለማጣበብ ከታች አምድ አልተከለም፤ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ትንንሽ ክፍሎች ከግድግዳው ጥግ በሚወጡ የድንጋይ ቅስቶች ላይ አንጠለጠላቸው። ከሥራቸው ቆማችሁ ቀና በሉ፤ ድንጋዮቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ክብደቱን ወደ ጥጉ ሲመልሱት ይታያል።

መልስ፦
ለእናታችን የሚሻለው ይኼ ነው፦ ከቪዩ ሊዮን ጣቢያ በገመድ በሚሳበው ባቡር ፉርቪየር ውጡ፤ የሜትሮው ቲኬት ይሠራል። ከአንዱ ጣቢያ ሁለት መስመር ስለሚነሳ ሳያነቡ የሚሳፈሩ ሰዎች በሌላኛው መስመር ሴን ዡስት ይደርሳሉ። ኮረብታው ላይ ያለውን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ባዚሊካውን፣ አይታችሁ ቁልቁል ወደ ሮማውያኑ ቲያትር ውረዱ፣ መግቢያው ነፃ ነው፤ ከዚያ ሚኒም ከሚባለው ማቆሚያ በሌላኛው መስመር ተመለሱ። ቲያትሩን አስቀድሞ ወደ ባዚሊካው መሄድ ግን አቀበት ነው።

የሐር ሸማኔዎቹን ኮረብታ፣ ክሯ ሩስን፣ ግን እናታችን ይለፉት፤ ደረጃ በደረጃ ነው። ጉልበት ያላችሁ የሜትሮውን ሴ (C) መስመር ይዛችሁ ላይ ድረስ ውጡና በእግር ውረዱ። ፕላስ ኮልቤር ቁጥር 9 ባለው የቮራስ ግቢ ትልቁን የድንጋይ ደረጃ ታያላችሁ። የዚያ ሰፈር ቤቶች ጣሪያቸው 4 ሜትር ገደማ የሆነው ሸማኔዎቹ የሚሠሩበት ዣካር የሚባለው የሽመና መሣሪያ ቁመት ስለነበረው ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልን። ካቴድራሉስ?

መልስ፦
ከሜትሮው ስትወጡ አጠገባችሁ ነው። የፊት በሮቹ ላይ ባዶ የሐውልት ማስቀመጫዎች ታያላችሁ፤ በ1562 የፕሮቴስታንት ወታደሮች ሐውልቶቹን ሰባብረዋቸው ነው። በሮቹ ግርጌ ያሉት ትንንሽ ቅርጾች ግን ተርፈዋል፤ ጎንበስ ብላችሁ እነሱን እዩ።