የ2004 ኮሮላ ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል፣ ቼክ ኢንጂን ጠፍቶ ይመለሳል

ሚኪ ሽሮሜዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአራት ወር በፊት ከዱባይ የገባች ኮሮላ ገዛሁ። 2004፣ 1.8፣ ኦቶማቲክ። ስገዛት ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ቼክ ኢንጂን በራ። ደላላው ስልክ አያነሳም፣ እሱን ተዉት።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት አስነስቼ ሚኒሞ ላይ፣ ቤንዚን ሳልሰጣት ማለት ነው፣ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች። በሶስት ፒስተን ብቻ የምትሰራ ነው የሚመስለው፣ አንዳንዴም ማርሽ ሳስገባ ድርግም ብላ ትጠፋለች። አስር ደቂቃ ከነዳኋት በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረባት ጸጥ ትላለች፣ መካኒኩ ጋ ስደርስ ደግሞ ሁሌም ሞቃ ስለምትደርስ ሰውየው እንደ ውሸታም ያየኛል። ሐምሌ ሲገባ ጭራሽ ባሰባት።

አንደኛው መካኒክ ካንዴላ ቀየረ። ሁለተኛው ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይል ነው አለኝ፣ አራቱንም ቀየርኩ። ሦስተኛው በኮምፒውተር አነበበና የብልሽት ኮዱ ፒ 0171 ነው፣ ኦክስጅን ሴንሰር ነው አለ፣ እሱም ተቀየረ። መብራቱ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ማኪያቶ ጋበዝኩት፣ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ በራ። አሁን የቤንዚን ፓምፕ ይቀየር፣ ካልሆነም ሞተር ይውረድ እያለኝ ነው። ሶማሌ ተራ ያሉት ዕቃ ሻጮች በስሜ መጥራት ጀምረዋል። እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ።

ባለ ቪትዝ፦
አይዞህ ወንድሜ። ከፍታው ይሆናል፣ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዱባይ የመጣ መኪና እስኪለምድ ያስቸግራል። ወይ ደግሞ ቤንዚኑ ውሃ አለበት። ማደያ ቀይረህ ሞክር።

ዋንዜድዜድ፦
ባለ ቪትዝ፣ ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ቼክ ኢንጂን አያበራም። የሚገባውን አየር ሴንሰሩ ይለካና ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይመጥናል። መኪና እንደ ሰው እስኪለምድ አይታመምም :)

ሚኪ፣ ፒ 0171 ማለት «ኦክስጅን ሴንሰር ተበላሸ» ማለት አይደለም። «ከቤንዚኑ አየሩ በዛ» ማለት ነው። ሴንሰሩ ነጋሪ ነው እንጂ ሌባው እሱ አይደለም። ኮይል ቢሆን ኖሮም የትኛው ፒስተን እሳት እንደሳተ ከሚናገሩት ከ0301 እስከ 0304 ካሉት ኮዶች አንዱ አብሮ መምጣቱ አይቀርም ነበር። እኔ አሁኑኑ ይሄ ነው አልልህም፣ መጀመሪያ ቁጥር አምጣ። ስልክ ላይ የሚገናኘውን ትንሿን ስካነር ተዋስ ወይ ግዛ፣ ከተቀየረልህ ኮይል ትረክሳለች። ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም የሚለውን ክፈት፣ ኮምፒውተሩ ከልኩ ላይ ስንት በመቶ ቤንዚን እንደጨመረ (+) ወይም እንደቀነሰ (-) የሚያሳየው ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሳና ቁጥር መስጠት እንደጀመረ ሚኒሞ ላይ ስንት እንደሚል ጻፍ፣ ከዚያ ቤንዚን ሰጥተህ 2,500 ዙር ላይ ያዛትና እንደገና ጻፍ። የቅጽበቱን የሚያሳየውን ሾርት ተርሙንም አብረህ ጻፍ፣ ሁለቱ ይደመራሉ።

ፓምፑን እስከዚያ እንዳትነካው።

ሚኪ ሽሮሜዳ፦
እሺ፣ ከጎረቤት ተዋስኩ። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሚኒሞ ላይ ሁለቱ ተደምረው +27። 2,500 ላይ ወደ +6 ወረደ። ከሞቀች በኋላ ሚኒሞ ላይ +11። ይሄ ምን ማለት ነው? አስር ብር ያህል እንኳ አልገባኝም።

ከቨርጂኒያ፦
እዚህ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ይቺን ሞተር አብዝቼ ፈትቻታለሁ። ቁጥሮችህ ራሳቸው ተናግረዋል። እስከ 10 ድረስ ጤና ነው። 27 ማለት ኮምፒውተሩ ከልኩ በላይ ያን ያህል ቤንዚን እየጨመረም አልበቃው ብሏል ማለት ነው። ፓምፑ ደክሞ ቢሆን ወይም የአየር መለኪያው ሴንሰር ቆሽሾ ቢሆን ሞተሩ ብዙ በጠየቀ ቁጥር፣ አቀበት ላይ ማለት ነው፣ ቁጥሩ ይብስ ነበር። ያንተ ግን ሚኒሞ ላይ ትልቅ ሆኖ ዙር ሲጨምር ይወርዳል። ሳይለካ የሚገባ አየር አለ። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ ቀዳዳዋ ትልቅ ድርሻ ትወስዳለች፣ ዙር ሲጨምር ግን በብዙው አየር መሃል ትዋጣለች።

ቀዝቃዛ ላይ መባሱ ደግሞ ቦታውን ይጠቁማል። ዋንዜድዜድ (1ZZ) በሚባለው ባንተ መኪና ሞተር ላይ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ (አየሩን ለፒስተኖቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ጓርኒሲዮን፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ማሸጊያ ማለት ነው፣ ሲያረጅ ይደርቃል። በብርድ ይሸመቀቅና አየር ያሾልካል፣ ሲሞቅ ተለጥጦ ይዘጋል። ስለዚህ መካኒኩ ጋ ስትደርስ ጤነኛ ናት፣ አንተም ውሸታም አይደለህም። መኪናዋን ማታ እሱ ጋ አሳድራት፣ ጠዋት እንዳስነሳት ካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይ ማኒፎልዱ ከሞተሩ በሚገናኝበት ላይ በትንሽ በትንሹ ይርጭ። ሚኒሞው ከተስተካከለ ወይም ዙሩ ከተቀየረ አገኛችሁት። ስፕሬዩ እሳት ይይዛል፣ ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ፣ ጭስ ማውጫው ከጋለ በኋላም አይረጭ። የቫኩም ጎማዎቹንም በእጁ ይዳብሳቸው፣ የተሰነጠቀ አይጠፋም።

ስትቀይር አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ። ሲሊኮን እንዳያስቀባህ!

ሰላም ነኝ፦
እኔ የገረመኝ ስትገዛት መብራት አለመኖሩ ነው። እንዴት ይሆናል?

ዋንዜድዜድ፦
ምን ይገርማል፣ ባትሪ ነቅለው መልሰው ነዋ። ያኔ ኮዱም ትሪሙም ዜሮ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ትሪሙን እንደገና እስኪማር ጊዜ ይወስድበታል፣ ያም ሆኖ ይሄን ኮድ ጥፋቱን በሁለት ተከታታይ ጉዞ ካላየ መብራት አያበራም። ሚኪ፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ተቀይሮ «ዳነች» ያልከውም በዚሁ ነው፣ ኮዱን አጠፉልህ እንጂ ምንም አልዳነችም። መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ስካነር ይዛችሁ ሪዲነስ የሚለውን እዩ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን መፈተሹን ጨርሶ እንደሆነ የሚያሳየው ነው። ብዙዎቹ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ካሉ ሰሞኑን የተሰረዘ ነገር አለ። ሻጩ ባትሪ ቀይሬ ነው ይላችኋል፣ ይበል፣ እናንተ ሁለት ሦስት ቀን ተነድታ ትምጣ በሉ።

ሚኪ ሽሮሜዳ፦
ተመለስኩ። ማታ አሳደርኳት፣ ጠዋት ሲረጭ ሁለተኛው ፒስተን አካባቢ ሲደርስ ሚኒሞው ቀጥ አለ። መካኒኩ ራሱ ደንግጦ ሦስቴ ደጋገመው። ጓርኒሲዮኑ ሲወጣ እንደ ፕላስቲክ ደርቋል፣ ሳጥፈው ተሰበረ። አዲሱ ከገባ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ላይ +4፣ መብራት የለም። ካወጣሁት ሁሉ የረከሰው ይሄ ዕቃ ነው፣ እሱ ነው የሚያናድደው። ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከቨርጂኒያ፦
እሰይ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የዘይቱን ዘንግ መዝዘህ ታያለህ? ከ2005 በፊት ካሉት ዋንዜድዜዶች ብዙዎቹ ዘይት ይጠጣሉ።

ሚኪ ሽሮሜዳ፦
ኧረ አይቼ አላውቅም። ቆይ ወርጄ ልየው።

ሚኪ ሽሮሜዳ፦
ዘንጉ ደረቅ ነው።