ክርክር፦ ለውጭ የሴቶች ድርጅት ከመስጠታችን በፊት ብንጠይቅ ነውር ነው?

አወያይ፣ ደሴ ፒያሳ፦
ሰላም ጀማው። ከመስከረም ጀምሮ ያዋጣነው ብር 62,000 ደርሷል። ለሴቶች ይዋል ብለን ተስማምተናል። ከቤሩት የተመለሰችው እህታችን ዋና ቢሮው አውሮፓ ለሆነ፣ አዲስ አበባም ቅርንጫፍ ላለው አንድ የሴቶች ድርጅት እንስጠው አለች። ማስታወቂያቸውን አይታችኋል፤ እርጉዝ ሴት ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ የሚያሳየውን። የሆጤው መምህር ደግሞ «መጀመሪያ ደብዳቤ ጽፈን እንጠይቃቸው» አለ። ትናንት ማታ ነገሩ ከረር ብሎ ነበር። ዛሬ ረጋ ብለን እንነጋገርበት።

ከቤሩት የተመለስኩት፣ ቧንቧ ውሃ፦
እኔን መጠየቁ ቅር ይለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በ2012 ክረምት ሊገባ ሲል የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቅቷቸው ነበር። ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቆንስላችን በር ላይ ጥለው ይሄዳሉ። እኔም ከተጣሉት አንዷ ነኝ። ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ቀረ፤ የሰባት ወር ደመወዜም እንዲሁ። አስፋልት ላይ ነው ያደርነው። ፍራሽና ምግብ፣ በኋላም ማደሪያ የሰጡን የእርዳታ ድርጅት ሴቶች ናቸው። ለእነሱ ብር የላከው ሰው «ቆይ፣ መጀመሪያ ደብዳቤ ልጻፍ» ቢል ኖሮ እኔ ስንት ሌሊት እጨምር ነበር?

መምህሩ፣ ሆጤ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ያየሽውን መከራ ማንም አያቃልለውም። ገንዘቡ የኪሴ ቢሆን ዛሬውኑ እሰጥ ነበር። ይሄ ግን የ40 ሰው አደራ ነው። ቅሬያችንን፣ እድራችንን አስቢው። ገንዘብ ያዡ በየወሩ ደብተሩን ገልጦ ያነባል። ገቢ ይሄ፣ ወጪ ይሄ፣ ለድንኳን ይሄ። አንድም ቀን «አላመናችሁኝም» ብሎ ተቀይሞ አያውቅም። ታዲያ የሰፈራችንን ሰው የምንጠይቀውን የፈረንጅ ድርጅት ስንጠይቅ ለምን ነውር ይሆናል?

የስም ትልቅነት ዋስትና አይሆንም። በ2010 እ.ኤ.አ. ከሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አንዳንድ የትልቁ የእርዳታ ድርጅት የኦክስፋም ሠራተኞች እዚያ ለወሲብ ገንዘብ ይከፍሉ እንደነበር ዓለም የሰማው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ካምቦዲያ ውስጥ ደግሞ ሴቶችን ከወሲብ ንግድ በማውጣት የታወቀችው ሶማሊ ማም ነበረች። በተናገረችው የሕይወት ታሪክ ላይ ጥያቄ ተነስቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ከፋውንዴሽኗ ለቀቀች። ፋውንዴሽኑም በዚያው ዓመት ተዘጋ። የእነዚያ ሴቶች ችግር ግን እውነት ነበር። ጥያቄው ሲዘገይ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦
ጥያቄ የሚያመጣውንም እንይ እንጂ ጋሼ። በሰኔ 2015 የእርዳታ እህል ተሰርቋል ተብሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት በመላ አገሪቱ ሥርጭት አቆሙ። ለወራት። የሰረቀው ሰው አልተራበም። የተራበችው መጋዘኑን በዓይኗ አይታው የማታውቅ እናት ናት። በጥር 2017 ደግሞ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን በአንድ ጊዜ ስታቆም ምን እንደተፈጠረ ሁላችንም አይተናል። ሰው መጠርጠር ሲጀምር መጨረሻው መከልከል ነው። የምፈራው ይሄን ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ልክ ነው። ግን ያ ሰዎች መብላት ከጀመሩ በኋላ የተቋረጠ ነው። እኛ ገና አልጀመርንም። አሁን ብንጠይቅ ከማንም አፍ የምንነጥቀው ምግብ የለም።

እኔ የማልስማማው በጥያቄው ዓይነት ነው። ትናንት አብዛኞቻችሁ «ከመቶው ስንቱ ለቢሮ ይሄዳል?» ስትሉ ነበር። ይሄ ጥያቄ አገራችን ውስጥ ምን እንዳደረገ ላስታውሳችሁ። በ2001 በወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ዘመን 70/30 የሚባል መመሪያ ነበር። ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር አይወጣም። ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የባለሙያ ደመወዝም፣ ነዳጅም፣ ስልጠናም እየተለቀመ አስተዳደር ውስጥ ይገባ ነበር። ባሏ የደበደባትን ሴት ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከርላት ጠበቃ ደመወዝ ቢሮ ነው ወይስ ሥራ? በዚያው አዋጅ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፉን ክፉኛ ለመቀነስ ተገደደ። አዋጁ የተቀየረው በ2011 ነው። አሁን የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው 20 በመቶ ነው።

ስለዚህ መቶኛውን ተዉት። የኦዲት ሪፖርታቸውን ጠይቁ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን መመዝገባቸውን አጣሩ። እንግሊዝ የተመዘገበ ድርጅት ከሆነ ሒሳቡ እዚያው አገር የበጎ አድራጎት ኮሚሽን መዝገብ ላይ በነጻ ይታያል። አሜሪካዊ ከሆነ ፎርም 990 የሚባል ዓመታዊ ሪፖርት አለ፤ የኃላፊዎቹ ደመወዝ ሳይቀር ተጽፎበታል። ይሄ የአንድ ማታ ሥራ ነው።

ነርሷ፣ ደሴ፦
እኔ ደግሞ «120 ሺህ ሴቶችን ተደራሽ አድርገናል» የሚል ነገር ሳነብ እጠይቃለሁ። ተደራሽ ማለት ምን ማለት ነው? ስልጠና ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ለስላሳ ጠጥታ የሄደችም፣ ቀዶ ጥገና የተደረገላትም እኩል አንድ ተብላ ትቆጠራለች። በወሊድ ጊዜ የተጎዱ ሴቶችን የሚያክመውን የሐምሊን ፌስቱላን ሥራ እዩ። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሐምሊኖች ሆስፒታሉን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ሕክምናው በነጻ ነው። ግን ሲያክሙ ብቻ አልቀሩም። በ2007 እ.ኤ.አ. የአዋላጆች ኮሌጅ ጨመሩ፤ ሴቲቱ ገና ከመጎዳቷ በፊት አዋላጅ አጠገቧ እንድትኖር። እኔ ከደብዳቤው መልስ የምፈልገው እንዲህ ያለ ነገር ነው። የጀሪካኗ ሴት በሚቀጥለው ዓመትም ጀሪካን ታዝላለች ወይስ አታዝልም?

የሴት ልጅ ግርዛትን የታገለችው ቦጋለች ገብሬም ትታወሰኝ። ከምባታ ሄዳ ስለ ሴቶች ልትናገር ስትነሳ ሰዉ መጀመሪያ የጠየቃት ድልድይ ነበር። ድልድዩን አሠራች። ከዚያ በኋላ ስለ ግርዛት ሰሟት።

እትዬ፣ ሰኞ ገበያ፦
ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ስትከራከሩ እያነበበችልኝ ነበር። በ77 እኔ የ14 ዓመት ልጅ ነኝ። ከቤተሰቤ ጋር ኮረም ካምፕ ነበርን፤ ኮረም ያኔ ወሎ ነው። ጥቅምት ላይ ካሜራ የያዙ ፈረንጆች መጡ። ፊልሙ በእንግሊዞቹ ቢቢሲ ታይቶ ዓለምን ዞረ አሉ። እህል በብዛት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አልክድም፣ በዚያ እህል ነው የተረፍኩት።

ግን እናቴን ላንሳላችሁ። ታናሽ ወንድሜን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልብሷ አልቋል፣ ደረቷ ተገልጧል። አንዱ መጥቶ ካሜራውን ደቀነባት። በነጠላዋ ልትሸፈን ስትል ነጠላው ልጁን የጠቀለለችበት ነው። እሱን መግለጥ አልቻለችም። እንደዚያው ሆና ፎቶ ተነሳች። እስክትሞት ድረስ ስለ 77 ስናወራ የምታነሳው ያቺን ሰዓት ነበር። ፎቶዋ የት እንደሄደ፣ ማን እንዳየው አታውቅም ነበር።

አሁን ያቺ ጀሪካን ያዘለች ልጅ ፎቶዋ እንዲህ እንደሚዞር ታውቃለች? ፈቅዳለች? በቋንቋዋ ነግረዋታል? ይሄን ጠይቁልኝ።

ከቤሩት የተመለስኩት፣ ቧንቧ ውሃ፦
እትዬ፣ አላህ እናትዎን በጀነት ያኑርልን። እኔም ቆንስላው በር ላይ ፎቶ ሲያነሱን ፊቴን በሻሼ ሸፍኛለሁ። እናቴ እንዳታየኝ። ይሄን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

እሺ፣ ይጻፍ። ግን ቀን ይቆረጥለት። መልስ እየጠበቅን ዓመት እንዳይሆን።

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦
እኔ አሁንም ልቤ አልሞላም። ካልመለሱስ? ለትልቅ ድርጅት 62,000 ብር ምን ትሆናለች?

መምህሩ፣ ሆጤ፦
ካልመለሱ ገንዘቡ እዚሁ የት እንደሚውል ነርሷ ትመራናለች። የወሊድ ክፍሉ የጎደለውን እሷ ታውቃለች።

አወያይ፣ ደሴ ፒያሳ፦
15 ቀን እንስጣቸው። የተቃወመ አለ?

ከቤሩት የተመለስኩት፣ ቧንቧ ውሃ፦
ደብዳቤውን እኔ እጽፈዋለሁ። የእትዬን ጥያቄ መጀመሪያ ላይ አደርገዋለሁ።